አልላቀቅ ያለው አፈሙዝ

የፋብሪካ አፈሙዝ ከአሮጌ ጠመንጃ ላይ መፍታት ሲያዩት የጉልበት ሥራ ይመስላል። በሙያው የኖሩ ሰዎች ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ። ከሁለቱ ብረቶች የትኛው ይዳን?

ጠመንጃው ከሞርሳው አጠገብ፣ ዘይት በጠገበ ወፍራም ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። እንጨቱ ተለይቷል፤ ምላጩም መዝጊያውም ከነሞላው ወጥተው ቆርቆሮ ሳህን ላይ ተቀምጠዋል። ጥይት አለመጉረሱ በዓይን ታይቶ፣ በጣት ተዳስሶ ተረጋግጧል። የቀሩት ሁለት ብረቶች ብቻ ናቸው። አንዱ ረጅሙ አፈሙዝ ነው። ሌላው አፈሙዙ እንደ ብሎን በጥርስ የገባበትና መዝጊያው ወደፊት ወደኋላ የሚመላለስበት የብረት ቤት ነው። ባለሙያዎቹ ሪሲቨር ይሉታል። በአናቱ ላይ፣ ከመለያ ቁጥሩ በላይ፣ የፋብሪካው ስም ተመትቷል፦ «ኤዲስተን»።

ቦታው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ አነስተኛ የጠመንጃ ጥገና ሱቅ ነው። ጠመንጃውን ያመጣው ወጣት ከአያቱ ወርሶታል፤ አጋዘን ሊያድንበትም ይፈልጋል። የሱቁ ባለቤት አዛውንት ናቸው። በመዝጊያው በኩል ትንሽ መብራት አስገብተው ከአፈሙዙ ጫፍ አጮልቀው አዩ። ውስጡ በዝገት ተበሳስቷል። ጠመንጃው በተሠራበት ዘመን የጥይት መለኮሻ ሲቃጠል ጨው ትቶ ያልፍ ነበር። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ተተኩሶበት ሳይታጠብ ያደረ አፈሙዝም ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል።

«አፈሙዙ አብቅቶለታል» አሉት። «ቤቱ ግን ገና ዕድሜ አለው። ደህና ከወጣልን ማለቴ ነው።»

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«ደውዬ እነግርሃለሁ። ለኤዲስተን ቀጠሮ አይሰጥም።»

ቁጥሩ ያለበት ብረት

አዛውንቱ ቀጠሮ የማይሰጡበት ምክንያት ከሕጉም ከብረቱም ይመነጫል። ከሕጉ እንጀምር። በአሜሪካ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሪሲቨርን ብቻውን እንደ ሙሉ ጠመንጃ ይቆጥራል። መለያ ቁጥሩ የሚመታው እዚያ ላይ ነው፤ ለጥገና ገብቶ ሱቅ ውስጥ ያደረ ጠመንጃ በመዝገብ የሚሰፍረውም በዚያ ቁጥር ነው። የተለመደ የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ እንደ ማንኛውም መለዋወጫ ታዝዞ ይመጣል። ሪሲቨር ግን በንግድ ሲሸጥ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ የገዢው ማንነት ተጣርቶ ያልፋል። ስለዚህ አፈሙዙ የተበላሸበት ሰው አፈሙዝ ይገዛል። ሪሲቨሩ የተሰነጠቀበት ሰው ግን ጠመንጃ የለውም።

ብረቱም ከሕጉ ጋር ይስማማል። ጥይቱ ሲተኮስ መዝጊያውን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው ሪሲቨሩ ነው። እዚህ ሱቅ ያለው ጠመንጃ የሚተኩሰው ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለውን ጥይት ሲሆን፣ የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው የነፋስ ግፊት ከ1,800 እጥፍ በላይ ይሆናል። መዝጊያውን ተሸክሞ ይህን የሚችለው ብረት ከተኳሹ ፊት የሚርቀው በአንድ ስንዝር ነው። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ሪሲቨር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚህ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ይወጣል፤ አፈሙዙ ቢበላሽ ይበላሽ፣ ሪሲቨሩ ግን ሳይነካ ይውጣ። ሕጉ ሲነገር ቀላል ነው። አስቸጋሪ የሚሆነው ሁለቱ ብረቶች ከመቶ ዓመት በፊት በጥድፊያ ከተጣመሩ ነው።

የጥድፊያው ዘመን

ኤዲስተን በደላዌር ወንዝ ዳር፣ ከፊላደልፊያ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር እንግሊዝ የምትፈልገውን ያህል ጠመንጃ በራሷ ፋብሪካዎች ማምረት ስላቃታት ወደ አሜሪካ ኩባንያዎች ዞረች። ሦስት ፋብሪካዎች ፓተርን 14 የተባለውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ማምረት ጀመሩ። አንዱ ኮነቲከት ውስጥ ያለው ዊንቸስተር፣ ሁለተኛው ኒውዮርክ ኢሊዮን ያለው ሬሚንግተን ነበር። ሦስተኛው በባልድዊን የባቡር ሞተር ኩባንያ ይዞታ ላይ የተቋቋመው የኤዲስተኑ ፋብሪካ ነው።

አሜሪካ በሚያዝያ 1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ መደበኛው ጠመንጃዋ፣ የ1903ቱ ስፕሪንግፊልድ፣ ለዚያ ሁሉ ምልምል የሚዳረስ አልነበረም። እነዚያ ሦስት ፋብሪካዎች ግን ማሽናቸው ተተክሎ፣ ሠራተኛቸው ሠልጥኖ ነበር። እንግሊዛዊው ጠመንጃ ለአሜሪካ ጥይት እንዲሆን ተስተካከለና ሞዴል 1917 ተባለ። በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመረተ፤ ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠው የኤዲስተን ነው። ወደ ፈረንሳይ ከተላኩት የአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ ይዘውት የዘመቱት ይህን ጠመንጃ ነበር።

በእንዲህ ያለ ፍጥነት የሚሠራ ፋብሪካ አፈሙዙን ማን እንደሚፈታው አያስብም። ጠመንጃው ጦር ሜዳ ላይ እንዳይላላ ማድረግ ነው ሥራው። በባለሙያዎች ዘንድ የኤዲስተን አፈሙዝ ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ ጠብቆ የታሰረ በመባል ይታወቃል። ሲፈታ ሪሲቨሩ ይሰነጠቃል የሚለው ዝናም ከዚያው የመጣ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚህ ጠመንጃዎች ከጦር መጋዘን ወጥተው በርካሽ ተሸጡ። ሪሲቨራቸው ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ አዳኞች ወደዷቸው። የኋላ ማነጣጠሪያውን እንደ ጆሮ ከግራና ከቀኝ የሚከልሉት ብረቶች ተሞርደው ተነሱ፣ እንጨቱ ተለወጠ፣ ለትላልቅ ጥይቶች የሚሆን አዲስ አፈሙዝ ተተከለ። ከጦርነት የተመለሱ ወጣቶች የጠመንጃ ጥገናን በትምህርት ቤት መማር የጀመሩትም በዚያው ዘመን ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው የትሪኒዳድ ኮሌጅ ትምህርቱን የጀመረው በ1947 ነው። የኤዲስተን አፈሙዝ ለዚያ ትውልድ ፈተና ሆነ።

መያዣው ምንድን ነው?

ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ጉልበቱ ሁሉ ሁለቱን ብረቶች ለማቀራረብ የዋለ ይመስለዋል። መሐንዲሶች ሲያሰሉት ግን በመፍቻ ከሚገባው ጉልበት ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ፍትጊያን ለማሸነፍ ያልቃል። ግማሽ ያህሉ ትከሻ ለትከሻ በሚፋተገው ፊት ላይ፣ ሌላው በጥርሶቹ መካከል ይጠፋል። ብረቶቹን አጣብቆ ለመያዝ የሚተርፈው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው።

በጠመንጃም ይኸው ነው። አፈሙዙ ጥርስ ያለበት አንገትና ከአንገቱ ቀጥሎ የሚሰፋ ትከሻ አለው። አንገቱ እየተጠመዘዘ ገብቶ ትከሻው የሪሲቨሩን ግንባር ሲነካ ጥርሱ መጓዙን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ጉልበት አንገቱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ይለጥጠዋል፤ ትከሻውንና ግንባሩን ደግሞ ይጨምቃቸዋል። አፈሙዙን የሚይዘው ይህ ውጥረት ነው።

ጊዜ የራሱን ይጨምርበታል። በጥርሶቹ መካከል የቀረ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። ዝገት ሲፈጠር ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ይሞላዋል። አንዳንድ የዘመናችን አምራቾች ጥርሱን በማጣበቂያ ኬሚካል ይቀቡታል። የማይዝግ ብረት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ያለ ቅባት በኃይል ሲፋተግ ፊቱ እየተላጠ እርስ በርሱ ይናከሳል፣ ከዚያም ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ ይላል።

እንግዲህ አፈታቱ የሚወሰነው የያዘው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ዝገት ከሆነ ሰርጎ ገብ ዘይትና ትዕግሥት፣ ማጣበቂያ ከሆነ ሙቀት፣ የትከሻ ውጥረት ከሆነ ደግሞ ሌላ መላ ይፈልጋል። ሁሉንም በረጅም ብረት ለመፍታት የሚሞክር ሰው አንዳንዴ ይሳካለታል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ግን የሚከፍለው ሪሲቨሩ ነው።

ሁለት ጊዜ ተስቦ

የአዛውንቱ ሞርሳ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ዓይነት አይደለም። ሁለት ወፍራም የአረብ ብረት ግንዶች ናቸው፤ የታችኛው ከወለሉ ሲሚንቶ ጋር ታስሯል፣ የላይኛውን የሚጫነው ክሪክ ነው። በግንዶቹ መካከል ለሁለት የተከፈለ የአሉሚኒየም ማቀፊያ ይገባል። አሉሚኒየም ከአፈሙዙ ብረት ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም፤ ሌሎች ባለሙያዎች ነሐስ ወይም ጠንካራ እንጨት ይመርጣሉ።

ሰርጎ ገቡ ዘይት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ተንጠባጥቦ ቀናት አልፈዋል። አሁን አዛውንቱ አፈሙዙን በአሴቶን አጠቡት፤ አንድ ጠብታ ዘይት ከቀረ ማቀፊያው ውስጥ ይሽከረከራል። ከዚያ የጥድ ሙጫ ዱቄት በእጃቸው ነሰነሱበት። ሙጫው ሲጨመቅ ይነክሳል። ክሪኩን ጥቂት ጊዜ አነሱና በነጭ እርሳስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ ከማቀፊያው ተነስቶ በአፈሙዙ ላይ አልፎ ሪሲቨሩ ላይ የሚያበቃ። መስመሩ በአፈሙዙና በሪሲቨሩ መካከል ከተሰበረ ተፈትቷል ማለት ነው፤ በማቀፊያውና በአፈሙዙ መካከል ከተሰበረ ግን አፈሙዙ ሞርሳው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው።

መፍቻውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። አንዱ ዓይነት ከሪሲቨሩ ኋላ ገብቶ የመዝጊያውን መሄጃ ይዞ ያዞራል። ለሥራ ይፈጥናል፤ አፈሙዙ እምቢ ካለ ግን ሙሉውን የሪሲቨር ርዝመት ሊጠመዝዝ ይችላል፣ የተጠመዘዘ ሪሲቨር ውስጥ ደግሞ መዝጊያ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሌላው ዓይነት የሪሲቨሩን የፊት ቀለበት ብቻ፣ ጥርሱ ያለበትን ቦታ፣ ከውጭ አቅፎ ይይዛል። አዛውንቱ ያነሱት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ለዚህ ሪሲቨር ቅርጽ ተብሎ የተፈለፈለ ሲሆን እጀታው ከአንድ ሜትር ይበልጣል።

እግራቸውን አንፈራጠው፣ ቀስ ብለው ክብደታቸውን ጣሉበት። ምንም የለም። ክሪኩን ጨምረው አነሱና እንደገና ሳቡ። ሙጫው ተቃጥሎ ሽታው ሱቁን ሞላው፤ ነጩ መስመር ማቀፊያው ጋ ተሰበረ። እጀታውን ለቀቁት።

«ይበቃዋል» አሉ።

አንድ የ90 ኪሎ ሰው ክብደቱን 1.2 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ሲጥል ከ1,000 ኒውተን ሜትር በላይ ይፈጥራል። ዛሬ በግል የሚሠሩ ባለሙያዎች አዲስ አፈሙዝ ሲያስሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ከ70 እስከ 135 ኒውተን ሜትር ነው። አዲስ አፈሙዝ ከሚታሰርበት ሰባትና ስምንት እጥፍ ጉልበት ጠይቆ ያልተንቀሳቀሰ ብረት እጀታው ላይ ቱቦ ቢቀጠልለት ምን እንደሚሆን አዛውንቱ ያውቃሉ። ቱቦው ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ ለሌላ ሥራ ነው የሚያገለግለው።

እሳት ለምን አልተመረጠም?

ከሱቁ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር «አሙቀው» የሚል ነው። ምክሩ የሚሠራበት ቦታ አለ። አፈሙዙ በማጣበቂያ ከተያዘ ኬሚካሉ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ጠንካራው ቀይ ዓይነት ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። በኤዲስተን ጥርስ መካከል ግን ማጣበቂያ የለም።

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል የሚለውም እውነት ነው። 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀለበት ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ሲጨምር ስፋቱ የሚያድገው በ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህችም ትንሽ ዕድገት የምትጠቅመው ሪሲቨሩ ሞቆ አፈሙዙ ቀዝቃዛ ከሆነ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው የቆዩ በመሆናቸው ሙቀቱ ወዲያው ይሻገራል፤ አብረው ይሰፋሉ፣ ጭምቀቱም ሳይላላ ይቀራል።

ሪሲቨር የሚጠነክረው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ሞቆ፣ በተለካ ሁኔታ ቀዝቅዞ ነው። ያ ልክ ሲዛባ የሚመጣውን አሜሪካኖች ያዩት በዚያው ጦርነት ነው። በ1917ና በ1918 ጥቂት የ1903 ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃዎች ሲተኮሱ ሪሲቨራቸው ተሰባበረ። ምርመራው ወደ ማሞቂያው ምድጃ መራ። አንጥረኞቹ ሙቀቱን የሚለኩት የብረቱን ቅላት በዓይናቸው አይተው ነበር፤ ደማቅ ፀሐይ ባለበት ቀን የጋለ ብረት ከእውነተኛው ሙቀቱ በታች የቀላ መስሎ ይታያል። እንዲያ ሲሆን ከልክ በላይ እንዲግል ተደርጎ ብረቱ ተቃጠለ፣ ተሰባሪም ሆነ። የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ሲገባና አሠራሩ ሲለወጥ ችግሩ ቆመ። ዛሬም ስፕሪንግፊልድ በተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተሠሩ ከ800,000 በታች ቁጥር ያላቸው፣ በሮክ አይላንድ የተሠሩ ደግሞ ከ285,507 በታች ቁጥር ያላቸው ጠመንጃዎች እንዳይተኮሱባቸው ይመከራል።

የፋብሪካ ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሥራ እየሠሩ፣ በዓይን ለክተው ከተሳሳቱ የጋዝ ማቃጠያ የያዘ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚያደርገው ግምት ምን ያህል ያስተማምናል? አዛውንቱ እሳቱን ያልነኩት ለዚህ ነው። እሳት ከሁለቱ ብረቶች ሊጎዳ የሚችለው ያንኑ መዳን ያለበትን ነው።

አፈሙዙ ሲሠዋ

ጠመንጃው ከሞርሳ ወደ ቶርኖ ተዛወረ። አፈሙዙ በቶርኖው መያዣ ተይዞ፣ ሪሲቨሩ ከነጥርሱ አብሮት እንዲዞር መሐሉ ተስተካከለ። አዛውንቱ ቀጭን መቁረጫ መረጡና ከሪሲቨሩ ግንባር ፊት፣ በአፈሙዙ ትከሻ ላይ አስጠጉት። ወፍጮ የሚያህል ድምፅ የለም፤ መቁረጫው ሲነካ የሚሰማው ሲርርታ ብቻ ነው። ጥቁሩ ቀለም ተላጠ፣ ሥሩ ያለው ነጭ ብረት ብቅ አለ፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወደ ታች ወረደ። ቦዩ እየጠለቀ ሄዶ የአንገቱ ስፋት ጋ ሊደርስ ሲል መቁረጫውን መለሱት።

በዚህ ቦይ የሆነው ነገር ይህ ነው። ትከሻው ግንባሩን የሚጫነው ከኋላው ሙሉ አፈሙዝ ስለሚደግፈው ነበር። አሁን ከድጋፉ ተቆርጦ ቀጭን ቀለበት ሆኗል፤ ጭምቀቱን የሚሸከምበት አቅም የለውም። ከ1910ዎቹ ጀምሮ ተለጥጦ የኖረው አንገት ወደ ልኩ ይመለሳል። ጥርሶቹ በአንድ ወገን ተጭነው መያዛቸው ይቀራል። ቀሪው የዝገትና የደረቀ ዘይት ጉዳይ ነው።

ጠመንጃው ወደ ሞርሳው ተመለሰ፣ ሙጫ ተነሰነሰ፣ አዲስ መስመር ተሰመረ። አዛውንቱ በዚህኛው ዙር ክብደታቸውን መጣል አላስፈለጋቸውም፤ በክንዳቸው ብቻ ሳቡት። መስመሩ ሪሲቨሩ ጋ ተሰበረ። እጀታውን ሩብ ዙር አዞሩና አወጡት፤ የቀረውን በእጃቸው እየጠመዘዙ ፈቱት። ከጥርሶቹ መካከል ቡናማ አቧራ ወረደ።

አፈሙዙ ከዚህ በኋላ ለምንም አይሆንም። ትከሻው ተቆርጧል፣ ውስጡም ቀድሞ ተበልቷል። ይህን መላ ለመምረጥ የሚያመነታ ባለሙያ ጥቂት አይደለም፤ ከፋብሪካ የወጣን ዕቃ በገዛ እጅ ማበላሸት ለባለ እጅ ይከብዳል። ይሁንና ሊጣል የተወሰነን ብረት ለማትረፍ ሲባል የማይተካውን አደጋ ላይ መጣል ሙያ አይባልም።

ሪሲቨሩ ገና አልተፈረደለትም። በአሴቶን ታጥቦ ደረቀ፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ተነክሮ ቆየ፣ ወጥቶ ተጠረገ፣ ፊቱ በጠመኔ ተቀባ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጠመኔው ላይ በቀጭን መስመር ይወጣል። የቆየ ዘዴ ነው። የተሻለ መሣሪያ ያለው ሱቅ ብረቱን በማግኔት ኃይል ሞልቶ በላዩ የብረት ብናኝ ያፈስበታል፤ ስንጥቅ ባለበት የማግኔቱ መስክ ስለሚሾልክ ብናኙ እዚያ ላይ ይሰበሰባል። አዛውንቱ ሁለተኛውን ዘዴ ወደሚሠራ ሌላ ሱቅም ላኩት። ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ስልክ የደወሉት።

የአንድ ፀጉር ልክ

አዲስ አፈሙዝ ሲታሰር ልክነቱ የሚፈተነው በአንድ ርቀት ነው፤ ከመዝጊያው ፊት ጀምሮ ጥይቱ መጉረሻው ውስጥ ተደግፎ እስከሚቆምበት ቦታ ድረስ ባለው። ሄድስፔስ ይባላል። ርቀቱ ካነሰ መዝጊያው አይዘጋም። ከበዛ ደግሞ ቀለሃው ሲተኮስ ወደኋላ ተለጥጦ ሊቀደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

መለኪያዎቹ በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ጠንካራ ብረቶች ናቸው። በአንደኛው ላይ መዝጊያው መዘጋት አለበት፤ በሁለተኛው ላይ መዘጋት የለበትም። ለምሳሌ ሦስት-ዜሮ-ስምንት ዊንቸስተር ለሚባለው ጥይት የአጭሩ ልክ 1.630 ኢንች፣ የረጅሙ 1.634 ኢንች ነው። ልዩነታቸው 0.1 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ወፍራም ፀጉር ያህል ነው። ሬሚንግተን 700 የተባለው የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ ስላለው አንድ ሙሉ ዙር የሚያስገባው 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ መላው የተፈቀደ ልዩነት ከአንድ ዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል። ትከሻው ላይ በመቁረጫ የሚነሳው ቀጭን ብረት መጉረሻው የት እንደሚቆም ይወስናል። አዛውንቱ ይህን ሥራ ሲሠሩ ሬዲዮኑን ይዘጋሉ።

ሌሎቹ ፋብሪካዎች

እያንዳንዱ ፋብሪካ አፈሙዙን የሚያስርበት የራሱ ልማድ አለው፤ ችግሩም እንደዚያው ይለያያል። በ1962 የወጣው ሬሚንግተን 700 ከሁሉም በላይ አፈሙዝ የሚለወጥለት የአደን ጠመንጃ ሳይሆን አይቀርም። የመልሶ ምቱን ኃይል ወደ እንጨቱ የሚያስተላልፈው ክፍል በአፈሙዙና በሪሲቨሩ መካከል እንደ ሮንዴላ ተጨምቆ የሚቆም የተለየ ብረት ነው። ለፋብሪካው ማምረቻውን ርካሽ አድርጎለታል፤ ለጠጋኙ ግን በአንድ ፈንታ ሁለት የሚፋተጉ ፊቶች ሰጥቶታል።

ሳቬጅ በ1958 ባወጣው 110 ሌላ መንገድ ያዘ። አፈሙዙ ትከሻ የለውም፤ በጥርሱ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ይጠመጠማል። መለኪያው መጉረሻው ውስጥ ገብቶ መዝጊያው ይዘጋል፣ አፈሙዙ መለኪያውን እስኪነካ ይገባል፣ ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። ቶርኖ የሌለው ሰው እንኳ መለኪያና መፍቻ ካለው አፈሙዝ መለወጥ ይችላል። ዳዶው ራሱ አንዳንዴ ቢያስቸግርም የሚጠመዘዘው ሪሲቨሩ አይደለም።

በጀርመኑ ሞዘር 98 ደግሞ ሪሲቨሩ ውስጥ የቀለበት ግድግዳ አለ፤ የአፈሙዙ ጫፍ የሚደገፈው በዚያ ላይ ነው። ሞዘር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ስናድር፣ ውጅግራና ምንሽር ሲባል አብሮ የሚነሳ ስም ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ቤልጂየም ኤርስታል ካለው ፋብሪካ የገዛቸው ሞዘሮች የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ተገዝተው አሜሪካ ከገቡት አሮጌ መሣሪያዎች ጋር ከእነዚህም አንዳንዶቹ ገበያ ላይ ታይተዋል። አፈሙዛቸው ያለቀም ቢሆን ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው ከነታሪካቸው፣ ከነዝገታቸው ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዞ አፈሙዝ ለማስለወጥ ለሚመጣ ደንበኛ አስተዋይ ባለሙያ የሚነግረው መሣሪያውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ እንዲመልሰው ነው። ሳይነካ መተውም ከሙያው አንዱ ክፍል ነው።

ለሚቀጥለው ሰው

አፈሙዝ አላቂ ዕቃ ነው። ሦስት-ዜሮ-ስምንት የሚተኩስ ጥሩ አፈሙዝ 5,000 ጥይት ገደማ ድረስ ልኩን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ባሩዳቸው የበዛ ትልልቅ ጥይቶች የሚተኮሱበት ግን 1,500 ሳይሞላ ጉሮሮው ሊበላ ይችላል። ለውድድር የሚተኩስ ሰው አንድ አፈሙዝ በጥቂት ዓመት ይጨርሳል። ስለዚህ ዛሬ የሚታሰር አፈሙዝ አንድ ቀን እንደሚፈታ የታወቀ ነው፤ የማይታወቀው ማን እንደሚፈታው ነው።

አዛውንቱ የኤዲስተኑን አዲስ አፈሙዝ ከማስገባታቸው በፊት ጥርሶቹን በብሩሽ አጸዱና ከመናከስ የሚከላከል፣ የመዳብ ብናኝ ያለበት ግራሶ ቀቡ። ትከሻው ላይም ስስ አድርገው አስነኩት። ከዚያ ጉልበቱን በሚያሳይ መፍቻ አጠበቁት፤ ከ135 ኒውተን ሜትር አላለፉም። ጠመንጃ ሲተኮስ የሚመጣው ግፊት አፈሙዙን በዋናነት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የማዞር ኃይሉ ትንሽ ነው። ጥርሱ ልክ ከሆነና ትከሻው በሙሉ ፊቱ ከተቀመጠ ይህ መጠን ከበቂ በላይ ነው።

ጠመንጃውን ሊወስድ የመጣው ወጣት የመፍቻውን ቁጥር አይቶ ተገረመ።

«ይህቺ ብቻ ትይዘዋለች? ፋብሪካው እኮ ሰው እንዳይፈታው አድርጎ ነው ያሰረው።»

«ፋብሪካው ለአንድ ጦርነት ነው ያሰረው» አሉት። «እኔ ያሰርኩት ለአንተ ነው። ልጅህ ሲያስለውጠው የሚሠራለት ሰው እንዳይረግመኝም ጭምር።»

ሒሳቡን ከፈለ፤ የተቆረጠውን አፈሙዝ ይወስደው እንደሆነ ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግበት ጠየቀ። አዛውንቱም ለመማሪያ እንደሚፈልጉት ነገሩት። ሱቁ ውስጥ የሚለማመዱ ሁለት ወጣቶች አሉ፤ ነገ ጠዋት ቦዩ የት ላይና ለምን እንደተቆረጠ እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ።